ለአንድ ሰው የሚበቃ ድስት

የመስክ ዕቃ የሚታደልበት ቀን ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ ካለው የቆርቆሮ መጋዘን ደጃፍ ላይ አምስታችን ቆመናል፤ የቡድኑ መሪ፣ ሁለት ወጣት ቀያሾች፣ ሾፌሩና እኔ። ለቀያሾቹ ጂፒኤስና የመለኪያ ገመድ ተሰጣቸው። ለመሪው ካርታና አዲስ የዝናብ ልብስ። ለሾፌሩ ክሪክና ትርፍ ጎማ። የእኔ ተራ ሲደርስ የመጋዘኑ ሠራተኛ ጎንበስ አለና ከመደርደሪያው ሥር አንድ ድስት እያንቋቋ ጎትቶ አወጣ።

የድግስ ድስት ነው። ሕፃን ተቀምጦ ይታጠብበታል። ቂጡ በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ አንዱ ጆሮው ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል፤ ውስጡ ጭልፋና ረጅም ማማሰያ ተጋድመውበታል።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ።

«የእኔ ዕቃ ማጉያ መነጽርና ቅጠል ተጭኖ የሚደርቅበት መጭመቂያ ነው» አልኩት።

«እሱም አለልሽ። ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅም ሁለቱንም ይዛ ነበር የምትወጣው።»

ከደሴ ተመድቤ ነቀምቴ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው፤ የተቀጠርኩትም ቡድኑ በሚቆጥረው ደን ውስጥ እየገባሁ የዛፉን ዓይነት እንድለይ ነው። የመጀመሪያ ጉዟችን ወደ አርጆ በኩል፣ ከመንገድ ርቆ ወዳለ ደን ነበር። ድንኳን ተክለን እዚያው ልናድር ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ፈቃድ የተገኘበት ሰሞን ስለነበር ሁሉም ቸኩሏል።

መሪያችን እንደ እኔው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ወለጋ ውስጥ ግን ብዙ የቆየ ሰው ነው። ድስቱን እንዳላነሳሁ ሲያይ ቀረብ አለ። ቁጡ አይደለም። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ያ ደግሞ ይብሱን ያናድዳል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አልተቀጠርኩም።»

«ማን ወጥ ቤት ነሽ አለሽ? ቀን ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ ሲመሽ ደግሞ እንደ እህት ታበዪናለሽ።»

«ወንድሞቼስ ለእኔ ምን ያደርጉልኛል?»

ቀያሾቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ሴት እያለች ወንድ ድስት አይጥድም» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም ድስቱን እዚያው መሬት ላይ ትቼው ወጣሁ።

በሩ አጠገብ ሾፌሩ የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ይፈትሻል። የነቀምቴ ተወላጅ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይጸልይ ሞተር አያስነሳም። እዚህ ለተከበረ ሰው እንደሚባለው ሁላችንም ኦቦ ነው የምንለው። ከእኔ በፊት ስለነበረችው ልጅ ጠየቅኩት።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች» አለ። «ጫካውን ግን አላየችውም።»

«እንዴት አላየችውም? ሥራዋ እኮ እሱ ነው።»

«ጠዋት እኛ ስንገባ እሷ ለምሳ እንጨት ትለቅማለች። ስንመለስ ደግሞ ለራት ታነዳለች። ድስቱን አይተሽዋል፤ ያን የሚያህል ውሃ እስኪፈላ ፀሐይ ትዞራለች። ጥላው ብትሄድ እሳቱ ይጠፋል፤ ብታነድበት ያርራል።»

«ዛፎቹን ታዲያ ማን ይለያል?»

«እነሱ ቅጠል ቆርጠው ያመጡላታል። እሷ ድንኳን ደጃፍ ተቀምጣ ስሙን ትነግራቸዋለች።»

ወደ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ወደ ተከራየሁባት ክፍል በእግሬ ስሄድ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያ ድስት ከሰው አንድ እጅ ወይም አንድ ሰዓት አይደለም የሚወስደው፤ ሙሉ ሰው ይወስዳል። ለአምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚበቃ ድስት ከተጣደ አንድ ሰው ድስቱ ዘንድ መቅረት አለበት፤ የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ቀድሞ ተወስኗል። «አላበስልም» ብዬ ባዶ እጄን ብሄድ በሁለተኛው ቀን ርሃቡ ያንበረክከኛል። ስለዚህ የራሴን ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ፤ ለእኔ ብቻ የሚበቃ፣ ሌላ ሰው ቢመኘው እንኳ የማይዳረስ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ድስት ሻጯ ሴትዮ ከሩቅ አይታኝ «ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ!» ብላ ጠራችኝ።

«ለስንት ሰው?»

«ለአንድ።»

«ቶኮ?» አለችና አንድ ጣቷን አሳየችኝ፤ የሰማችውን አላመነችም።

«ቶኮ።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ጫካ ነው የምወስደው። እንግዳ የለም።»

«ያ ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን ጠራች። «ሴት ልጅ ጫካ ገብታ ብቻዋን ልትበላ!» አጠገቧ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ ጠርታ በኦሮምኛ ነገረቻት፤ ሁለቱም በሐዘን አዩኝ። እኔ ግን ካላት ሁሉ ትንሿን መርጬ አነሳሁ። መዳፌ ላይ የምትቀመጥ፣ ቀላል፣ ቆንጆ ድስት ናት። በእልህ ተመርጣ የተገዛች ነበረች እንጂ በልክ አልነበረም።

ማታውኑ ጓሮ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ ሞከርኳት። አከራዬ ሴትዮ፣ እንደ አገሩ ወግ አዴ የምላቸው፣ ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ በጠበጥኩና ጣድኩ። ድስቷ እስከ አፏ ሞላች። ፈላ ሲል ሽሮው ተነስቶ ገነፈለ፤ እሳቱን አጠፋው፤ ግማሹ ራቴ አመድ ውስጥ ቀረ።

አዴ በሳቅ ፈረሱ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ለሻይ ነች። ሽሮ ሲፈላ መነሻ ቦታ ይፈልጋል። ሰውም ቢሆን እንዲህ ጠብቦት አይተኛም።»

መልሼ ልለውጣት ስሄድ ሻጯ «እሳት የነካው አይመለስም» አለችኝ። ስለዚህ ትንሿን እንደያዝኩ ሌላ ገዛሁ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ መረጥኩ። የምበላው ሽሮ ወይም ምስር ገብቶበት እስከ አፉ አራት ጣት ያህል የሚተርፈው፤ ነበልባሉ እንዲይዘው ቁመቱ አጭር፣ ቂጡ ሰፊ የሆነ፤ ብረቱ ቶሎ እንዳያሳርር ወፈር ያለ፤ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ። በእርጥብ እንጨት ለሚያበስል ሰው ክዳን ግማሽ ማገዶ ነው። ጆሮዎቹን እየሳብኩ ፈተንኳቸው። ትንሿን ድስት ውስጡ ስከታት ልክ ገባች፤ ሳህኔም ብርጭቆዬም እሷ ሆነች። ባዶ ቦታ ይዤ እንዳልጓዝ መካከሉን ምስርና ጨው ሞላሁበት። በድጋሚ ጓሮ ሞከርኩት። ምስሩ ሳይገነፍል፣ ሳያርር፣ አንድ እቅፍ ጭራሮ እንኳ ሳይጨርስ በሰለ። አዴ ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁና «ሂጂ እንግዲህ» አሉኝ።

የጉዞው ዕለት መኪናው ላይ ዕቃዬን ስጭን ያ የድግስ ድስት ከድንኳኖቹ ሥር ተጭኖ አገኘሁት። መሪው ራሱ ነው ያስጫነው። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

አርጆን አልፈን ደኑ ጠርዝ ስንደርስ ሰማዩ ከብዶ ነበር። ድንኳኖቹን ተከልን። ቀያሾቹ ውሃ ቀዱ። መሪው ትልቁን ድስት በሁለት እጁ አቅፎ መጣና ድንኳኔ ፊት ለፊት አስቀመጠው።

«ውሃው ያው፤ እንጨቱም በሽ ነው» አለ።

እኔ ከቦርሳዬ ድስቴን አወጣሁ። ጥቀርሻው እንዳያስቸግረኝ ውጭውን በጭቃ ቀባሁት። የሱን ድስት ሳልነካ ዞሬ ሄጄ ትንሽ ራቅ ብዬ ሦስት ድንጋይ ጎለትኩ፤ እሳት አያያዝኩና ምስሬን ከሽንኩርት ጋር ጣድኩ። ሽንኩርቱ መሽተት ሲጀምር ቀያሾቹ ዳቦና የጣሳ ዓሣ ከፈቱ።

እውነቱን ለመናገር ያ ራት ከበላሁት ምግብ ሁሉ የከበደኝ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ነው ያደግኩት። እናቴ ቤት ሰው ቆሞ እያየ አንድ ጉርሻ አይነሳም። ድስቴን ከፈትኩ። እንደ ወጉ «እንብላ» አልኩ። ከቀያሾቹ አንዱ ሊነሳ ሲል መሪው አየት አደረገው፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሆድሽ እንዴት ቻለልሽ?» አለኝ መሪው። «ሰው ጦሙን እያደረ።»

«ሰው ጦሙን እንዲያድር እኔ አላዘዝኩም። ድስትም፣ ውሃም፣ እንጨትም አለ ብለዋል። እጅም አላችሁ።»

«እናትሽ ይሄን ነው ያስተማረችሽ?»

«እናቴ ትምህርት ቤት የላከችኝ ዛፍ እንዳውቅ ነው» አልኩት። ከዚያ ምስሩን በላሁት። አንድም ፍሬ አላስተረፍኩም።

በነጋታው ጠዋት ቡድኑ ሲነሳ አብሬ ተነሳሁ። መሪው ድስቱንም እኔንም አየና ቀደመ። ያ ደን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ከሁሉ በላይ ወጥቶ ቅጠሉ ከሥር አይታይም፤ ግንዱን በቢላ ጫር አድርጎ ወተት መሰል ፈሳሹን ማየት ያስፈልጋል። ቀትር ላይ መሪው ከአንድ ግንድ ላይ ቅጠል ቆርጦ ሰጠኝ። «ይሄን ምን ትዪዋለሽ? እንደ ድሮው ብንሠራ እስካሁን ጨርሰን ነበር።»

ቅጠሉን አየሁ፤ ግንዱን አየሁ። «ይህ ቅጠል የዛፉ አይደለም» አልኩት። «በላዩ የተጠመጠመው ሐረግ ነው። ዛፉ ቀረሮ ነው፤ ቅጠሉ እዚያ ላይ ነው።» ቢላዬን ግንዱ ላይ ጫር አደረግኩ፤ ነጩ ወተት ወጣ። ቀያሾቹ ተጠግተው አዩ። እሱ ካርታውን አጥፎ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሰፈር ስንመለስ መሪው እኔ እንደማልጥድ ስለተገነዘበ ከቀያሾቹ አንዱን በትልቁ ድስት መኮሮኒ እንዲያበስል አዘዘው። ልጁ ድስቱን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላው። እንጨቱ ረጥቧል፤ ጭሱ ያስለቅሳል። ሁለቱም ቀያሾች ተንበርክከው እፍ ሲሉ ቆዩ። ውሃው ለብ አለ እንጂ አልፈላም። ትዕግስታቸው ሲያልቅ መኮሮኒውን ጨመሩት። የወጣው ነገር ከላይ ሊጥ፣ ከውስጥ ድንጋይ ነበር። መሪው ሁለት ማንኪያ በላ፤ እልህ ነው ያስበላው። ቀያሾቹ ተያዩና ጫካው ጠርዝ ወስደው ደፉት።

ያኔ ሾፌሩ ወደ እሳቴ መጣ። እኔ በልቼ ጨርሼ ድስቴን እያጠብኩ ነበር።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ድስትሽን ታውሺኛለሽ?»

«አውስዎታለሁ፣ ኦቦ። ግን አልሠራም።»

«ማን ሥሪ አለሽ? እጄ አልተቆረጠ።»

እንጨቱን በቢላው ሰነጣጥቆ ደረቁን ልብ አወጣ። ድንጋዮቹን ወደ ድስቱ ቂጥ አስጠጋ። ሽንኩርቱን እንደ ሴት አይደለም እንደ ወንድ አይደለም፣ እንደሚችል ሰው ከተፈው። ሚስቱ ታማ የተኛች ጊዜ ልጆቹን እሱ እያበሰለ እንዳሳደገ እየነገረኝ ነው ይዞት የመጣውን ሽሮ የሚያማስለው። ሲበስል ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየና «ኮቱ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ጠግቤ ነበር፤ ግን ተቀመጥኩ። ከትናንት ጀምሮ ከሰው ጋር የቆረስኩት የመጀመሪያ ዳቦ ነው።

ቀያሾቹም ማንኪያቸውን ይዘው መጡ። ድስቱ ለአራት ሰው አይበቃም። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለ ሾፌሩ። የመጀመሪያውን ስንቀምስ ሁለተኛውን አንደኛው ቀያሽ ጣደ፤ እሱ ሲበላ ሌላው ቀጠለ። ትንሽ ድስት ቶሎ ይፈላል። ሦስቴ ተጥዶ ወርዶ እንኳ ያ የድግስ ድስት ለብ እስኪል የወሰደውን ጊዜ አልወሰደም።

መሪው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ሳህን ሞልቶ ወሰደለት። እኔ አልወሰድኩም፤ አይውሰዱለት ብዬም አልከለከልኩም። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክንመለስ ድረስ አራታችን በየተራ ስናበስል ከረምን፤ እኔም በተራዬ ለሌሎቹ አበሰልኩ። ተራ ሲሆን አልከበደኝም።

ነቀምቴ እንደተመለስን መሪው ከሰሰኝ። ኃላፊያችን ቢሮ ጠራኝ። መሪው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ቆሜያለሁ።

«ለቡድን ሥራ አትመቺም ተብለሻል» አለ ኃላፊው፤ ከዚያም ፈገግ አለ። «በድስት ነው አሉ የተጣላችሁት?»

«ጌታዬ፣ በድስት አይደለም። ጫካ በመግባቴ ነው።»

«ትንሽ ብታግዣቸው ምን ነበረበት?»

«አግዣለሁ። ያበሰለ ሰው ሁሉ ያገዘውን ያህል። ያላገዘ ሰው ካለ እሱን ይጠይቁ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ማን መስክ እንደሚወጣ የሚወስነው መሪው ነው» ብሎ አሰናበተኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከደሴ ደወለች። እኔው ነገርኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺን ከጫካ ሊያስቀሩሽ ነው?» አለች በመጨረሻ። «አዎ፣ እማዬ።» «እንግዲያው እንዳትቀሪ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ኡኬ በኩል ነበር። ስሜ የለበትም ተባልኩ። ጠዋት ቦርሳዬን ተሸክሜ ግቢ ደረስኩና መኪናው ውስጥ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መሪው መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ውረጂ። ስምሽ የለም።»

«ሥራዬ አለ። የዛፎቹን ዓይነት ማን ሊለይ ነው?»

«ቅጠል እናመጣልሻለን።»

«የሐረጉን?» አልኩት።

ቀያሾቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አንደኛው «እሷ ከሌለች እኛስ ምን ብለን ልንመዘግብ ነው?» አለ፤ ድምፁ ፈራ ተባ ይላል፤ ግን አለው። መሪው ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ የመኪናውን መሪ ጨብጦ ፊት ለፊት እያየ ነው።

«እኔ አምስት ሰው ነው የምጭነው» አለ። «አምስት ሆናችኋል። ልጸልይና እንነሳ።»

ጸለየ። መሪው በሩ ላይ ትንሽ ቆመና ገባ።

እዚያ አየሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ዛፉም አጠር ያለ ወይባና አባሎ ነው። ቀያሾቹ ለሁለት የሚሆን የራሳቸውን ድስት ገዝተው መጥተዋል፤ የማብሰል ተራውም ቀጥሏል። መሪው ለራሱ አልገዛም። ኡኬ ከተማ ቅርብ ስንሆን ምግብ ቤት ይበላል፤ ስንርቅ ሾፌሩ ያካፍለዋል። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። አሁንም አብረን እንሠራለን፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከአንድ ሳህን አንበላም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ሽማግሌ ይግባና ታረቁ» ይሉኛል። ያልተጣላነውን ምን እንታረቃለን እላቸዋለሁ። እሱ አንድ ነገር ፈለገ፤ እኔ እምቢ አልኩ፤ እምቢታዬ ደግሞ ዛሬም እንዳለ ነው።

በዚያው ጉዞ አንድ ቀትር ከወንዙ ማዶ ካለው ዳገት ላይ ነበርኩ። ከታች የመሪው ድምፅ ይሰማኛል፤ «ምሳ የሚያዘጋጅ ማን ነው ዛሬ?» እያለ ይጣራል። ድሮ ቢሆን ስሜን ነበር የሚጠራው። አንደኛው ቀያሽ «እኔ ነኝ» ብሎ መለሰለት። እኔ ቢላዬን አውጥቼ የማላውቀው ዛፍ ቅርፊት ላይ ጎንበስ አልኩ።